ሞግዚቱ ሕግና ባለይዞታው ገበሬ

በ2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን አዋጅ ቁጥር 456 ሽሮ በስፍራው ሲተካ፣ ከድንጋጌዎቹ ሁሉ ይልቅ የብዙውን ሰው ጆሮ የሳበው፣ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለአበዳሪ ተቋም በዋስትና አስይዞ ገንዘብ መበደር ይችላል የሚለው ቃል ነበረ። ወሬውን የሰሙ ከተሜዎች አንዳንዶቹ «እንግዲህ መሬት ሊሸጥ ነው» ብለው ሲሰጉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ለግማሽ ምእት ዓመት ተቈልፎ የኖረ ሀብት ሊከፈት ነው ብለው ደስ ተሰኙ፤ አዋጁን ረጋ ብሎ የተመለከተ ሰው ግን ስጋቱም ደስታውም ከልክ ያለፈ መሆኑን ይረዳል። መሬት ዛሬም አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ለዋስትና የሚቀርበው አፈሩ ሳይሆን በአፈሩ የመጠቀም መብት ነው፤ ተበዳሪው ዕዳውን መክፈል ቢሳነው እንኳ አበዳሪው በመብቱ ለተወሰነ ዘመን ይገለገልበታል እንጂ ይዞታውን ለዘለቄታው አይወርሰውም፤ ዘመኑ ሲፈጸምም መሬቱ ወደ ባለይዞታው ይመለሳል።

እኔ ግን በዚህ አዋጅ ዙሪያ ከብድሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. ወዲህ የወጣው የመሬት ሕጋችን፣ መንግሥታቱ ቢለዋወጡ፣ የሚከተሉትም ፍልስፍና ቢለያይ፣ በአንድ ነገር ሳይለወጥ ኖሯል፤ ይኸውም ገበሬውን ለአካለ መጠን እንዳልደረሰ ልጅ ቈጥሮ ራሱን የዚህ ልጅ ሞግዚት አድርጎ መሾሙ ነው። ሞግዚቱ ልጁ መሬቱን በችኮላ እንዳይሸጥ፣ በዕዳ እንዳያሲዝ፣ ከልክ በላይ ለረጅም ዘመን እንዳያከራይ ይጠብቀዋል፤ ጥበቃውም ከቅን ልቡና የመነጨ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት፣ ይልቁንም በከተሞች ዙሪያ፣ ገበሬውን ከማሳው ያስነሣው ማን እንደ ሆነ ብንመረምር፣ የምናገኘው አራጣ አበዳሪውን ወይም ባለጠጋውን ገዢ ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ ራሱን ሞግዚቱን ነው። ሕጉ ገበሬውን ከገበሬው ከራሱ እጅ ለመጠበቅ የተጋውን ያህል ከመንግሥት እጅ ለመጠበቅ አልተጋም፤ የ2016ቱም አዋጅ መመዘን ያለበት በዚህ ሚዛን ይመስለኛል።

ሞግዚትነቱ ያለ ምክንያት የተወለደ አይደለምና ምክንያቱን መናገር ይገባል። ከአብዮቱ በፊት በሰሜኑ ክፍል ርስት የወገን ሀብት ነበረ፤ ሰው ከዋናው አባት ጀምሮ ትውልዱን እየቈጠረ ድርሻውን ይጠይቃል፣ ተከራካሪውም በበኩሉ ሌላ ሐረግ እየመዘዘ ይመልሳል፣ ክርክሩም ከአባት ወደ ልጅ ሲወራረስ ይኖራል፤ ይሁን እንጂ ርስተኛ ርስተኛ ነበርና ከትውልድ ስፍራው የሚነቅለው እምብዛም አልነበረም። በደቡቡ ግን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ በቃላድ እየተለካ ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩ፣ ለቤተ ክህነትና ለመንግሥት በተደለደለው መሬት ላይ ነባሩ አራሽ መጀመሪያ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆኖ ቀረ፤ ከምርቱ ሲሶውን፣ በብዙ ስፍራም እኩሌታውን ለባለመሬቱ እየሰፈረ፣ ልቀቅ በተባለ ጊዜ የሚለቅ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአሠራሩ የሚደነቅ ቢሆንም፣ ባለመሬቱንና ጭሰኛውን እንደ ሁለት እኩል ተዋዋዮች በመመልከቱ ለደካማው ወገን ያተረፈለት ነገር ጥቂት ነው። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያሉ አደባባይ ከወጡ በኋላ ለመሬት ጉዳይ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ቢቋቋምም፣ የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት ሊወስን የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግ ባለመሬቶች በበዙበት ፓርላማ ሲጓተት አብዮቱ ደረሰበት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ያን ሥርዐት በአንድ ቀን ሻረው። ጭሰኛው ለባለመሬቱ ከነበረበት ግዴታ ሁሉ ነጻ ወጣ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር፣ በቀድሞው ልክ ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ያህል ስፋት ባለው አካባቢ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም፣ ማኅበሩም የመሬት ክርክር የሚሰማ የራሱ ዳኝነት እንዲኖረው ተደረገ። ዳሩ ግን ይኸው አዋጅ ባለመሬቱን ካሰናበተ በኋላ ወደ ገበሬው ተመልሶ፣ መሬቱን ከመሸጥ፣ ከመለወጥ፣ ከማውረስ፣ ከማስያዝ፣ በወለድ አገድ ከመስጠትና ከማከራየት ከለከለው፤ ባለይዞታው ሲሞት ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ ብቻ ጠባብ በር ተወላቸው፤ ሰው ቀጥሮ ማሳረስንም ከአረጋዊ፣ ከበሽተኛና ረዳት ከሌላት ሴት በቀር ለማንም አልፈቀደም። ጭሰኛው ከጌታው ወጣ፤ በጌታው ስፍራ ግን መንግሥት ገባ።

ከነዚህ ክልከላዎች አንዱን፣ ወለድ አገድን፣ ለብቻው ማንሣት ይገባል፤ በዚህ ዘመን የተወለደ አንባቢ ምናልባት አያውቀውምና። ገንዘብ የቸገረው ባለርስት መሬቱን ለአበዳሪው ይለቅለታል፤ አበዳሪው በወለዱ ፈንታ የመሬቱን ፍሬ ይበላል፤ ዋናው ገንዘብ ግን ሳይጐድል እንዳለ ይቈያል፤ ስለዚህ ተበዳሪው ዋናውን አምጥቶ እስኪከፍል ድረስ፣ ዐሥር ዓመትም ይሁን ሃያ፣ መሬቱ ከአበዳሪው እጅ አይወጣም፤ በዚህ ዐይነት የድሀ ርስት ሳይሸጥ እንደ ተሸጠ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። አሁን የ2016ቱን አዋጅ ስናነብና አበዳሪው ባልተከፈለው ዕዳ ፈንታ በመሬቱ እንዲገለገል መፍቀዱን ስናይ፣ የጥንቱ ልማድ በሌላ ስም የተመለሰ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ አበዳሪው እንደ ቀድሞው የመንደሩ ባለጠጋ ሳይሆን በሕግ የታወቀ የገንዘብ ተቋም ነው፣ ዘመኑም ወሰን አለው፤ በወለድ አገድ የነበረው ዋናው ክፉ ነገር ደግሞ ወሰን የሌለው መሆኑ ነበረ። እንዲያም ሆኖ ይህ ድንጋጌ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሞግዚቱ ልጁን አንዲት እርምጃ ብቻውን እንዲራመድ የፈቀደበት ነውና በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን፣ መሬትም የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ሲደነግግ፣ ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ጨምሮ አስቀመጠ። የግል ባለቤትነትን ይደግፉ ለነበሩ ወገኖች የተሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ድርቅ ባገኘው ዓመት የተራበ ገበሬ መሬቱን በእፍኝ እህል ይሸጣል፣ ሸጦም ወደ ከተማ ይፈልሳል የሚል ነበረ። መልሱ ከእውነት የራቀ ነው አልልም፤ በ1966ና በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ያየ ሕዝብ ይህን ፍርሀት አይንቅም። ነገር ግን ሁለቱ ተስፋዎች፣ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታ ያለመነቀል፣ መሬቱ እያለቀ ሕዝቡ እየበዛ በሄደበት አገር አብረው ሊቈሙ አይችሉም፤ አዲስ ለተነሣው ወጣት ለመስጠት ከያዘው ሰው መንሣት የግድ ይሆናልና።

ይህ ተቃርኖ በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ጎልቶ ታየ። በንጉሡ ዘመን ባለሥልጣን የነበሩት «ፊውዳል» ተብለው፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገሉት ደግሞ «ቢሮክራሲ» ተብለው ተመደቡና፣ ለእነዚህ እንዲቀርላቸው የተፈቀደው ይዞታ ለሌላው ገበሬ ከተፈቀደው እጅግ ያነሰ፣ ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ ሆነ፤ ቀሪው ለሌላ ተከፈለ። አቤቱታቸውን ይዘው ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ የመጡ ነበሩ። በዚያን ጊዜ መሬት ያገኘው ወጣት መደሰቱን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ያገኘውም የተነሣውም በአንድነት የተማሩት ትምህርት አንድ ነበረ፤ ይህም ይዞታ በስብሰባ የሚሰጥ፣ በስብሰባም የሚወሰድ ነገር መሆኑ ነው። የመሬት ሥሪትን ብዙ ዘመን ያጠኑት ደሳለኝ ራህመቶ ገበሬው በይዞታው ላይ እምነት ያጣው ባለቤትነቱ በመንግሥት እጅ ስለ ሆነ ነው ብለው ሲከራከሩ የኖሩት ከዚህ ዐይነቱ ነገር ተነሥተው ነው። ነገ የእኔ ላይሆን ይችላል ብሎ የሚሰጋ ሰው እርከን አይሠራም፣ ዛፍም ቢተክል ቶሎ የሚቈረጥ ባሕር ዛፍ ነው።

ለዚህ ስጋት ፈውስ ተብሎ የታሰበው ደብተሩ ነበረ። በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የይዞታ ምዝገባ ወደ አማራ፣ ወደ ኦሮሚያና ወደ ደቡብ ክልሎች ተዛምቶ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ቤተሰቦች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተቀበሉ። በመጀመሪያው ዙር ማሳው በገመድ ይለካ፣ ጎረቤት በተገኘበት ድንበሩ ይነገር፣ «በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ ወንዝ» እየተባለም ይጻፍ ነበር፤ በሁለተኛው ዙር ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ እያንዳንዱ ማሳ ተሠምሮና ቍጥር ተሰጥቶት ካርታ ይወጣለታል። ድንበር መግፋት ጥንት ከባላንጣነት አልፎ ደም ሲያፋስስ የኖረ ነገር ነውና፣ የዚህ ሥራ ጥቅሙ በወረዳ ፍርድ ቤት ደጅ ለቆመ ሰው ግልጽ ነው። ስለ ደብተሩ የተነገረው ምስጋና ሁሉ የተገባው ነው፤ ነገር ግን ደብተሩ የሚመልሰው ጎረቤትን ነው፣ ወንድምን ነው፣ ጉልበተኛ ዘመድን ነው፤ የሰጠውን መንግሥት አይመልስም።

ሴቶችን በሚመለከት ግን ደብተሩ ያደረገው ነገር ከማንኛውም ስብከት ይበልጣል። በትግራይ የመጀመሪያው ምዝገባ በቤተሰቡ ራስ ስም ብቻ ሲደረግ፣ በአማራ ክልል ግን የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድ ደብተር ላይ ሰፈረ። በእኛ አገር በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ሥራ ነው ተብሎ በልማድ ስለ ተወሰነ፣ ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ከመስጠት በቀር ምርጫ የላትም፤ እኩል አራሹም ብዙውን ጊዜ የባሏ ወንድም ወይም የቅርብ ዘመድ ነውና፣ ዓመታት ባለፉ ቍጥር የእርሷ ድርሻ ሲያንስ፣ የእርሱ መብት ሲገንን ይሄድና በመጨረሻ «ይህን መሬት ያቀናሁት እኔ ነኝ» የሚል ክርክር ይነሣል። ፎቶግራፏ ያለበት ደብተር በእጇ ካለ ክርክሩ የሚቈምበት ስፍራ ከቀድሞው ይለያል።

ስለ ውርስ ጥቂት ቃል ልበል። የ1997ቱ አዋጅ መሬት ለቤተሰብ አባል እንዲወረስ ሲፈቅድ፣ የቤተሰብ አባል ያለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርንና በእርሱ ገቢ የሚተዳደርን ሰው ነው፤ በዚህም ከሥጋ ዝምድና ይልቅ የአንድ ጎጆ ኑሮ ይበልጣል። ሕጉ መሬት ለሚያርሰው ይድረስ ማለቱ ነውና ሐሳቡ ርትዕ ነው። ነገር ግን ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ሠርታ በምትልከው ገንዘብ አባቷ በሬ የገዛበት፣ የቤቱንም ክዳን ቆርቆሮ ያለበሰበት ልጅ፣ አባቷ በሞተ ጊዜ በሕጉ ዐይን ከቤተሰቡ የወጣች ሆና ትገኝ ነበር፤ ከአባቷ ጋር የኖረ የእኅት ልጅ ደግሞ ወራሽ ይሆን ነበር። በትግራይ ክልል ሕግም ከቀበሌው ሁለት ዓመት የራቀ ባለይዞታ መሬቱን እንዲያጣ የሚያደርግ ድንጋጌ ነበረ። በግብርና ብቻ መኖር የማይቻልበት ዘመን በመጣ ጊዜ፣ ገበሬው ከመንደሩ እንዳይርቅ የሚይዘው ሕግ እንጀራውን ከሌላ ስፍራ እንዳይፈልግም የሚይዘው ነው።

የሞግዚቱ አድልዎ ይበልጥ የሚገለጠው ግን በኪራይ ነው። በኦሮሚያ ክልል በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 130 መሠረት ገበሬ ማከራየት ይችል የነበረው ከይዞታው እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ብቻ ነበር፤ ዘመኑም ተከራዩ በልማዳዊው አስተራረስ የሚያርስ ከሆነ ሦስት ዓመት፣ በዘመናዊ መሣሪያ የሚያርስ ከሆነ 15 ዓመት ነበር። እንዲህ የተወሰነው ገበሬው በጥቂት ገንዘብ መሬቱን ለረጅም ዘመን አሳልፎ ሰጥቶ እንዳይጐዳ ነው ይባላል። በዚያው ዘመን ገደማ ግን መንግሥት በጋምቤላ ለአንድ የህንድ ኩባንያ 100 ሺህ ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ሲያከራይ፣ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ይበቃል ብሎ ተስማማ፤ ኩባንያውም የተሰጠውን መሬት ከጥቂቱ በቀር ሳያለማው ቈይቶ ውሉ በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። መሬትን ለረጅም ዘመን በርካሽ አሳልፎ የመስጠት ጥፋት ካለ፣ ሲሠራው የታየው ከልካዩ እንጂ የተከለከለው አልነበረም።

ወደ ካሳው እንምጣ፤ የነገሩ እምብርት እርሱ ነውና። ሕገ መንግሥቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚወሰድ ንብረት ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈልበታል ይላል፤ መሬቱ ግን የገበሬው ንብረት አይደለምና ለመሬቱ ዋጋ የሚባል ነገር የለም፤ የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት፣ ለድካሙና ለሚያጣው ገቢ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የመፈናቀያ ካሳውን ገበሬው በቀደሙት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ አድርጎ ወሰነው። በካሳው ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኝ ማለት ቢችልም፣ ይግባኙ የሚሰማው መሬቱን ማስረከቡን የሚገልጽ ማስረጃ ሲያቀርብ ነበር፤ ክርክሩም በካሳው መጠን ላይ እንጂ «ይህ በእርግጥ የሕዝብ ጥቅም ነውን?» በሚለው ላይ አልነበረም። አስቀድመህ ልቀቅ፣ ኋላ አቤት በል የሚል ሥርዐት ከተለመደው የፍርድ ሥርዐት ጋር እንዴት እንደሚስማማ እስካሁን አጥጋቢ ማብራሪያ አልሰማሁም።

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን ምክንያት በ2006 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. የከፋው ተቃውሞ፣ ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. እስኪሰረዝ ድረስ ያስከተለው እልቂት፣ ብዙ የፖለቲካ ምክንያት ቢኖረውም፣ ከሥሩ ያለው «የልማት ተነሺ» የሚባለው ገበሬ ብሶት ነበረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ብሶት የሰማ ሕግ ነው ቢባል አልቃወምም። ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲያማክሩት አዘዘ፤ አቅሙ ካለው ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ ሰጠው፤ አቤቱታ የሚሰማ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቋቋመ፤ ካሳውንም በቀደሙት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ።

ነገር ግን ስሌቱን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ከአንድ ሄክታር ማሳው በዓመት 60 ሺህ ብር የሚያገኝ ገበሬ አለ ብለን እናስብ፤ የገቢው ግምት የእኔ ነው፣ አሠራሩ ግን የአዋጁ ነው። በቀድሞው ሕግ 600 ሺህ፣ በአዲሱ 900 ሺህ ብር ይደርሰዋል። አንድ ሄክታር 10 ሺህ ካሬ ሜትር ነውና፣ የአንዱ ካሬ ሜትር ድርሻ በአዲሱ ሕግ 90 ብር መሆኑ ነው። ይህች 90 ብር ከከተማው የሊዝ ጨረታ ዋጋ ጋር ስትነጻጸር ምን እንደምትመስል በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በመካከል ያለው ልዩነት ወደ ማን ካዝና እንደሚገባም አይጠፋውም። በዚያ ላይ ገቢው የሚቈጠረው ባለፉት ዓመታት ዋጋ ሲሆን፣ ተነሺው ቤትና በሬ የሚገዛው በሚመጣው ዓመት ዋጋ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር የደረሰበትን ላየ ሰው፣ ይህ ጉድለት የሒሳብ ሊቅ አያሻውም። ገበሬው በአንድ ጊዜ ያን ያህል ገንዘብ ቈጥሮ አያውቅምና፣ ካሳውን ተቀብሎ በጥቂት ዓመት ውስጥ ባዶ እጁን የቀረ፣ በቀድሞው ማሳው ላይ በተሠራ ሕንፃ ደጅ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረ ብዙ አለ።

ሽያጭን የከለከለው ሕግ የሚጣሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። መሬቱ ነገ በ90 ብር ሂሳብ እንደሚወሰድበት የሚጠረጥር ገበሬ፣ ዛሬ በስውር ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚከፍለው ገዢ ሲመጣለት፣ ሕጉን ፈርቶ ቢቀመጥ ሞኝ የሚባል ይሆናል። ውሉ የሽያጭ ስም አይጻፍበትም፤ አንዳንዱ ስጦታ፣ አንዳንዱ ብድር፣ አንዳንዱ የረጅም ዘመን ኪራይ ተብሎ ይጻፋል፤ ገዢውም በአንድ ሌሊት ጨረቃ ቤት ያቆምበታል፤ አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ ቤቱ ይፈርሳል፤ ገበሬው ገንዘቡን በልቶታል፣ ገዢው ፍርድ ቤት ቢሄድ ውሉ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ይመለሳል። ክልከላው የመሬትን ገበያ አላጠፋውም፤ ወደ ጨለማ አስገባው እንጂ፤ በጨለማ በሚደረግ ገበያ ደግሞ የሚረክሰው የደካማው ሀብት ነው። ከብድሩ ድንጋጌ ይልቅ የካሳውን ስሌት ማረም ይህን ገበያ ሊያቀዘቅዘው እንደሚችል አምናለሁ፤ ዕቃው በሚገባው ዋጋ የሚወሰድበት ሰው ለስውር ገዢ የሚቸኩልበት ምክንያት ያንሳልና።

አሁን ወደ ብድሩ ልመለስ። ከአዲሱ አዋጅ አስቀድሞ በአማራ ክልል በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 252 የመጠቀም መብትን ማስያዝ ፈቅዶ ነበርና፣ የፌዴራሉ ሕግ የክልሉን ፈለግ ተከተለ ማለት ይቻላል። ባንኮች በዚህ ዐይነት መያዣ ለማበደር ማመንታታቸው ግን በአዋጅ የሚወገድ አይደለም። አማካይ ይዞታ ከአንድ ሄክታር እምብዛም በማያልፍበት አገር፣ ያውም በተለያየ ስፍራ በተበጣጠሰ ማሳ ላይ፣ መያዣ ሆኖ የቀረበውን መብት ባንኩ ለማን ያከራየዋል? በመንደሩ ውስጥ የጎረቤቱን መሬት ከባንክ ተከራይቶ ለማረስ የሚደፍር ሰው፣ ሰንበቴውንና ዕድሩን፣ ምናልባትም ሌሊት ከብቶቹን ሊያጣ እንደሚችል ያውቃል። ድርቅም ሲመጣ አንዱን ተበዳሪ ለይቶ አይመታም፤ ወረዳውን በሞላ ይመታል፤ በዚያ ዓመት ሁሉም በአንድነት ከፋይነቱን ያጣል፣ የተያዘውም መሬት ሁሉ በአንድነት ፍሬ አልባ ይሆናል።

ስለዚህ መሬትን የማስተዳደር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ የክልሎች ነውና፣ ክልሎች በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት የየራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ ሁለት ነገር በግልጽ ሊወስኑ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው፣ አበዳሪው የተገለገለበት የመሬት ፍሬ ከወለዱ ብቻ ሳይሆን ከዋናውም ዕዳ እየተቀነሰ የሚቈጠር መሆኑን፣ ዘመኑ ሲፈጸምም ቀሪ ዕዳ ቢኖር ተበዳሪውን ተከትሎ የሚሄድ ወይም የሚሠረይ መሆኑን ነው፤ ይህ ካልተነገረ የወለድ አገድ ወሰን የለሽነት በሌላ መንገድ ይመለሳል። ሁለተኛው፣ ዝናብ የቀረበት ዓመት ከአበዳሪው የመገልገያ ዘመን ውስጥ የሚቈጠር መሆን አለመሆኑን ነው፤ የሚቈጠር ከሆነ ጉዳቱን የሚሸከመው ባንኩ ነው፣ የማይቈጠር ከሆነ ገበሬው ነው። ክልሎቹ ስለዚህ ዝም ቢሉ፣ ጥያቄው በየወረዳው ፍርድ ቤት ልዩ ልዩ መልስ እያገኘ ቈይቶ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት አስገዳጅ ትርጓሜ እስኪሰጥበት ድረስ ዓመታት ይወስዳል፤ በነዚያ ዓመታት ውስጥ ውሉን አርቅቆ የሚያቀርበው ደግሞ ጠበቃ ያለው ባንኩ ነው።